ባዶ ዓመት ያለበት ሲቪ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ስለሚል ጊዜ የሌለው ማታ አረፍ ሲል ያንብበው። ስለ ራሽን ካርድ አይደለም፣ ስለ መታወቂያ እድሳትም አይደለም። ስለ አንድ የአየር ንብረት ሳይንቲስት የሥራ ሕይወት ነው። «እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም፤ ትንሽ ታገሱኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የተነሳው ጉዴሌ አንዲት እህታችን ቤት ቡና ላይ ነው። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎን ወሬው ወደ 2025 ፌብሩዋሪ ሄደ። ታስታውሳላችሁ፣ እዚህ ጁባ ተማሪዎች በሙቀት ራሳቸውን እየሳቱ መውደቅ ሲጀምሩ መንግሥት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶችን ለሁለት ሳምንት ዘጋ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማርች ላይም 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ተዘግተው ነበር። በቆርቆሮ ቤት የምንኖር ሰዎች ይህን ለማወቅ ቴርሞሜትር አያስፈልገንም። ታዲያ አንዱ ወጣት «ይህን ነገር የሚያጠና የእኛ ሰው የለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው ሲኒውን እንኳ ሳያስቀምጥ «ሞልቷል፣ ሁሉም አሜሪካ ነው ያለው። አገሩን ጥሎ የሄደ ምሁር ደግሞ ለማን ይጠቅማል?» አለ።

ይህ አነጋገር አልተዋጠልኝም። ይህን የተናገረው ልጅ ራሱ በጋምቤላ በኩል በእግሩ ወጥቶ የመጣ ነው። ጥሎ መሄድ ወንጀል ከሆነ እዚያ ቡና ላይ የተቀመጥን ሁላችንም ተከሳሾች ነን ማለት ነው።

አንድ ስም ነገርኳቸው፦ ዶክተር ቱፋ ዲንቁ። ማንም አያውቃቸውም። ሯጭ ቢሆኑ ኖሮ ሰዓታቸውን እስከ ሰከንዷ እንናገር ነበር።

ዶክተር ቱፋ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ ያገለገሉ ባለሙያ ናቸው። ዶክትሬታቸውን የሠሩት በአሜሪካ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ጥናታቸውም ዝናብን በራዳርና በሳተላይት ስለመለካት ነበር። ከዚያ በኋላ በኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው ዓለም አቀፍ የአየር ንብረትና የኅብረተሰብ ምርምር ተቋም ለረጅም ዓመታት ተመራማሪ ሆነው ሠርተዋል። ተቋሙን በአጭሩ አይአርአይ ይሉታል። የእሳቸው መንገድ የእኛ ዓይነት ስደት አይደለም፣ የትምህርት መንገድ ነው። ይህን የምለው ነገሩን እንዳላሳምር ነው።

ሥራቸው ምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና።

አንድ አገር ዝናቡን የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መሬት ላይ ባለ የዝናብ መለኪያ ነው። ጣሳ የመሰለ ዕቃ ሜዳ ላይ ይተከላል፣ አንድ ሰው በየጠዋቱ ሄዶ የተጠራቀመውን ውሃ ለክቶ መዝገብ ላይ ይጽፋል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ይህ እውነተኛ ልኬት ነው፣ ነገር ግን የሚነግራችሁ የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ሁለተኛው ሳተላይት ነው። ሜቲዮሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አፍሪካን ከላይ ሲያዩ ኖረዋል። ሳተላይት ግን ዝናቡን አያይም፤ የሚያየው የደመናውን አናት ነው። አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ከፍ ያለ ደመና ነው፣ ሊዘንብ ይችላል ተብሎ ይገመታል። በደጋ ላይ ይህ ግምት ይሳሳታል። ነፋስ ተራራውን ሲወጣ የሚፈጠረው ዝቅ ያለና ብዙም ያልቀዘቀዘ ደመና ያዘንባል፣ ሳተላይቱ ግን አያውቀውም። ኢሉባቦር ወይም ጎሬ የኖረ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያንጠባጥበውን ያንን ጭጋግ ያውቀዋል።

ዶክተር ቱፋ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 እና በ2008 ያወጧቸው ጥናቶች በዚሁ ጉዳይ ላይ ናቸው። የሳተላይት የዝናብ ግምቶችን አንድ በአንድ እየወሰዱ በእኛ ተራራማ መሬት ላይ ካሉ የዝናብ መለኪያዎች ጋር አስተያዩአቸው፣ የትኛው ምን ያህል እንደሚስት አሳዩ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ታዲያ ምን ይሻላል?» ነበር። መልሳቸው ሁለቱን ማዋሐድ ሆነ። መለኪያ ባለበት ቦታ ሳተላይቱ የሳተውን መጠን ትለካለህ፣ በዚያ ስህተት ልክ አካባቢውን ታርማለህ፣ መለኪያ በሌለበት ቦታ ደግሞ የታረመው ሳተላይት ይናገራል። ኢናክትስ የተባለው ፕሮግራም የተሠራው በዚህ ላይ ነው። ሥራው የተጀመረው በኢትዮጵያ ነው፤ አገሪቱ በአራት ኪሎ ሜትር ገደማ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍላ፣ በየአሥር ቀኑ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ የሚሄድ የዝናብ መዝገብ ተዘጋጀላት። ከዚያ ታንዛኒያ፣ ማዳጋስካር፣ ሩዋንዳ፣ ጋና፣ ማሊ፣ ጋምቢያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ዛምቢያ ደረሰ።

ኒውዮርክ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር መጫን ብቻ አይምሰላችሁ። ትልቁ ጣጣ መዝገቡን ማጽዳት ነው። ጣቢያው የተመዘገበበት ቦታ ተሳስቶ ካርታው ላይ ሐይቅ ውስጥ ወይም ጎረቤት አገር ሊገኝ ይችላል። አንዱ ጣቢያ በሁለት ስም ሁለቴ ሊጻፍ ይችላል። ነጥብ ተረስታ 12.5 የነበረው 125 ሊሆን ይችላል። ይህን ከየአገሩ የሚቲዎሮሎጂ ሠራተኞች ጋር አብሮ ተቀምጦ አንድ በአንድ መልቀም ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ ማንም አይጨበጨብለትም።

አሁን ወደ ሩዋንዳ ልውሰዳችሁ፣ ለእኛ የሚሆነው እዚያ ነውና። ከ1994 በፊት ሩዋንዳ ለስፋቷ ጥሩ የሚባል የዝናብ መለኪያ መረብ ነበራት። በጭፍጨፋው ጊዜ መለኪያውን የሚያነቡት ሰዎች ተገደሉ፣ ተሰደዱ፣ ጣቢያዎቹም ፈረሱ። ከዚያ በኋላ ለ15 ዓመት ያህል በአብዛኛው አገሪቱ የሚለካ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። መዝገቡን ስትገልጡት መስመሩ ሲመጣ ሲመጣ ቆይቶ 1994 ላይ ቀጥ ይላል። ሰው ያለቀበትን ዓመት ከዝናብ መዝገብ ላይ ታነቡታላችሁ።

እንዲህ ያለውን መዝገብ የያዘ ባለሙያ ትልቁ ስህተት ሊሠራ የሚችለው ባዶውን ቦታ ዜሮ አድርጎ ያነበበ እንደሆነ ነው። ዜሮ ማለት ተለክቶ ዝናብ የለም ማለት ነው። ባዶ ማለት ደግሞ የለካ ሰው የለም ማለት ነው። ዜሮ አድርገህ ካነበብከው ሩዋንዳ 15 ዓመት ድርቅ ላይ ነበረች ትላለህ፣ እዚያ ግን ዝናቡ ይዘንብ ነበር፣ በቆሎውም ይበቅል ነበር። እነ ዶክተር ቱፋ ከሩዋንዳ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ከ1994 በፊትና ከ2010 ወዲህ ያለውን ልኬት መሠረት አድርገው፣ በመሐል ያለውን በታረመ ሳተላይት ሞሉት። «መዝገባችሁ ክፍተት ስላለው አይረባም» ብሎ የጣለው የለም። ዛሬ የሩዋንዳ ገበሬ ስለ አካባቢው ዝናብ ምክር ሲሰጠው ከኋላው ይህ የተሞላ መዝገብ አለ።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ሲቪዬ ላይ ሦስት ዓመት ባዶ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚህ ጁባ ለአንድ ድርጅት ሥራ ተወዳድሬ ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉዎች አልነበሩም። ጠያቂዋ ልጅ ወረቀቴን እያየች «በነዚህ ሦስት ዓመታት ምን ይሠሩ ነበር?» አለችኝ። «እሮጥ ነበር» አልኳት። ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ሥራውን አላገኘሁም። በሦስቱ ዓመታት ውስጥ ግን ሁለት ቋንቋ ተምሬአለሁ፣ መጠለያ ውስጥ ልጆች አስተምሬአለሁ፣ ለአርባ ምናምን ቤተሰብ የዱቄት ማከፋፈያ ዝርዝር ይዤአለሁ። ማንም አልለካውም፣ ስለዚህ ዜሮ ሆኖ ተነበበ።

ይህ የእኔ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ጁባ ውስጥ አንድ ወዳጅ አለኝ፣ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በሚቲዎሮሎጂ የተመረቀ። መጀመሪያ በውሃ ቦቴ ላይ ረዳት ሆኖ ከወንዙ ውሃ ሲያመላልስ ነበር፣ አሁን አንድ ሆቴል በር ላይ ሌሊት ይጠብቃል። በሚያድርበት ግቢ ውስጥ ከግድግዳና ከዛፍ ራቅ አድርጎ ጎኑ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተክሏል። አፉን ቆርጦ እንደ ማንቆርቆሪያ ገልብጦበታል፣ ውሃው ቶሎ እንዳይተን። በየጠዋቱ ከፈረቃ ሲወጣ በማስመሪያ ለክቶ ደብተር ላይ ይጽፋል። አንድ ቀን ደብተሩን አሳየኝ። ታሞ የተኛባቸው አራት ቀናት ላይ ሰረዝ አለ። «ለምን ዜሮ አልጻፍክም?» ብለው እንደ ሰደብኩት አየኝ።

እንዲህ ያለ ሰው የሌሊት ጥበቃ ሆኖ የሚኖርባት አገር የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ ሞልቷት የተረፋት አገር አይደለችም። ደቡብ ሱዳንም የራሷን ልኬት በጦርነት ያጣች ናት፤ ጁባ፣ ዋው፣ ማላካል የነበረው የልኬት ታሪክ በየጦርነቱ ተቆራርጧል፣ ዛሬም የሚሠሩት ጣቢያዎች ለአገሩ ስፋት ኢምንት ናቸው። የጁባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1975 ተመሥርቶ፣ በጦርነቱ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ካርቱም ተሰዶ የኖረ ተቋም ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲውም ስደተኛ ነበር ማለት ነው። ለነገሩ በ2011 ነፃነት ሲመጣ ወደ ጁባ የተመለሱ መምህራንን «ከአገር ውጭ የነበራችሁበት ጊዜ አይቆጠርም» ያላቸው ሰው ቢኖር ምን ይባል ነበር?

ውሃው ደግሞ አይጠብቅም። በሜይ 2020 የቪክቶሪያ ሐይቅ ጂንጃ ላይ 13.42 ሜትር ደርሶ የ1964ቱን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያ ውሃ ኡጋንዳን አቋርጦ በጁባ ድልድይ ሥር አልፎ ወደ ቦርና ወደ ሱድ ረግረግ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። የሚለካ ሰው ካለ ወራት ማለት የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። ቤንቲዩ የተፈናቀሉት ወገኖች ዙሪያውን በአፈር ግድብ ተከበው፣ ከውሃው ወለል በታች እየኖሩ ነው። በ2024 በአገሪቱ 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ጎርፍ ነክቶታል። በሌላ በኩል ከእኛ አገር ደጋ የሚወርደው ባሮ ሶባት ሆኖ በናሲር አልፎ ማላካል አጠገብ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ጋምቤላ ላይ የተለካ ዝናብ ለናሲር ሰው ዜና ነው። ወንዙ ድንበር ሲሻገር ወረቀት የሚጠይቀው የለም።

አሁን ወደ ቡናው ክርክር ልመለስ። «የሄደ ምሁር ለማን ይጠቅማል?» የዶክተር ቱፋን ሥራ ሳይ የሚገርመኝ አንድ ውሳኔ አለ። የተዋሐደው መዝገብ ባለቤት የየአገሩ የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ነው። መረጃው አዲስ አበባ፣ ኪጋሊ፣ አክራ ይቀመጣል፤ ሠራተኞቹ ሰልጥነው ራሳቸው ያድሱታል፣ ካርታው በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ይታያል። ጥሬው ልኬት ግን በቀላሉ አይሰጥም፣ ብዙ የአፍሪካ ተቋማት ያስከፍሉበታል ወይም ደብዳቤ ይጠይቁበታል። እኔ ብጠየቅ የሕዝብ ዝናብ የሕዝብ ነው፣ ሁሉም ክፍት ይሁን እላለሁ። ሆኖም ተቋማቱ የሚፈሩት ምን እንደሆነ ይገባኛል። መረጃቸው ባሕር ማዶ ሄዶ የሌላ ሰው ጥናት ሆኖ ሲታተም፣ እነሱ ጋ ደግሞ ለመለኪያው ቀለም መግዣ ሲጠፋ ስንት ዘመን አይተዋል። ስለዚህ ካርታው ይከፈት፣ ጥሬው እናንተው ጋ ይቆይ የሚለው መንገድ፣ ለእኔ ሙሉ ባይሆንም፣ የመሥሪያ ቤቱን ኮሪደር የሚያውቅ ሰው ያመጣው መፍትሔ ነው። ኤጀንሲ ውስጥ ያልሠራ ሰው ይህን አያስበውም።

የኢትዮጵያ ተቋም ራሱ ወጣት ነው። በ1980 ነው ራሱን ችሎ የቆመው፣ ከዚያ በፊት ሥራው በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር። የወቅት ትንበያ ማውጣት የጀመረው በ1987፣ ከትልቁ ረሃብ በኋላ ነው። በ2015 ኤልኒኖ ክረምቱን ሲቆርጠው ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሐል በየወረዳው መለኪያ የሚያነቡ፣ ብዙዎቹ ትንሽ አበል የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ። የዶክተር ቱፋ የምርምር ወረቀቶች የቆሙት እነሱ በጻፉት ላይ ነው። አንድ ሰው የሄደ እንደሆነና የቆየ እንደሆነ ብቻ እየቆጠርን ስንጨቃጨቅ ይህን ሰንሰለት አናየውም። ከመለኪያው አንባቢ እስከ ኮሎምቢያ ድረስ ያለው አንድ ሥራ ነው፤ የተበጠሰው ደግሞ ሰው ከአገር ስለወጣ ብቻ ሳይሆን የወጣው ሰው እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ ስለተደፈነም ነው። ለእሳቸው ቀዳዳው ተከፈተ። ፓስፖርት ነበራቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ነበራቸው፣ የድሮ መሥሪያ ቤታቸው ስልክ ያነሳላቸው ነበር። ለሆቴል ጠባቂው ወዳጄ ማንም አያነሳም።

የተሞላ መዝገብ ከተለካ መዝገብ ጋር እኩል እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ግምት ነው ብለው ይጽፉበታል። የእኛም የጠፉ ዓመታት በምንም አይመለሱም፣ ሰርተፊኬት ደርድረን የሞላናቸው አናስመስል። የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ባዶውን ዜሮ ብላችሁ አታንብቡት። በፊት የነበረውን ተመልከቱ፣ አሁን ያለውን ፈትኑ፣ ከዚያ ፍረዱ።

ሕጉ ከእኛ ጋር ነው። ደቡብ ሱዳን በ2012 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ሥራ የመፈለግ መብት ይሰጠናል፣ በ2018 ደግሞ የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ተቀብላለች። የሚያጣብቀን በተግባር ዲግሪያችንን አይቶ የሚያረጋግጥልን ቢሮ ማጣት፣ የሥራ ፈቃዱ ወጪ፣ እና ያ የሲቪ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ላደርገው ያሰብኩት ይህ ነው። ጁባና ጎሮም ያላችሁ በሚቲዎሮሎጂ፣ በሃይድሮሎጂ፣ በውሃ ምህንድስና፣ በግብርናና በጂኦግራፊ የተመረቃችሁ ወይም ትምህርቱን ጀምራችሁ ያቋረጣችሁ፣ ከየትኛው አገር እንደመጣችሁ ሳይለይ፣ ሱዳናውያን ወንድሞችና እህቶችም ጭምር፣ የትምህርት ዓይነታችሁንና ያቆማችሁበትን ዓመት በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ዝርዝሩን በእጄ ይዤ ለሚመለከታቸው ቢሮዎች አደርሳለሁ፤ መልስ ካገኘሁም ካላገኘሁም እዚሁ እጽፋለሁ። ሁለተኛ፣ ጎሮም ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ የዝናብ መለኪያ እንድንተክል ወዳጄ ሊያሳየን ፈቃደኛ ነው። ለመጀመር ቀጥ ያለ ጠርሙስ፣ ማስመሪያና ደብተር ይበቃል፤ የሚያስፈልገን በየጠዋቱ የሚነሱ፣ ሲቀሩም ሰረዝ የሚጽፉ አራት አምስት ልጆች ናቸው።

አደራ፣ የዲግሪያችሁን ወይም የመታወቂያችሁን ፎቶ እዚህ ኮሜንት ላይ እንዳትለጥፉ። ባለፈው የለጠፈ ልጅ ምን እንደገጠመው ታውቃላችሁ። በውስጥ መስመር ብቻ።